የጧፉ ሳጥን ክዳን

ሰው ሴት እጅ ላይ መጋዝ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ይህን ያወቅኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ቡራዩ ውስጥ፣ በገዛ ግቢዬ ነው። ልብስ ሳጥብ «ስጪኝ ልጠብልሽ» ያለኝ ወንድ በሕይወቴ የለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣም ሰላም እያሉኝ ሲያልፉ ነው የኖሩት። መጋዝ ያነሣሁ ቀን ግን ሰፈሩ በሙሉ ደግ ሆነ።

«ስጪኝ እስቲ» ይላል አንዱ። መልስ አይጠብቅም፤ ከእጄ ወስዶ ሦስት አራት ጊዜ ይስብና «አየሽ፣ እንዲህ ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ከዚያ ምርቃት ይጠብቃል። እኔ አልመርቅም። ያንን ቁራጭ ጣውላ አነሣና ማገዶው ክምር ላይ እወረውረዋለሁ። ሰውየው ተቀይሞ ይሄዳል። እንዲቀየም ፈልጌ አይደለም፤ እጁ የገባበት ጣውላ ለእኔ ስለማይሆን ነው።

ነገሩ የስለት ነገር ነው።

ባለቤቴ አናጺ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው በርና መስኮት ሲገጥም የኖረ፣ የእኛ ጓዳ በር ግን እስካሁን በሽቦ የሚታሰር። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበርኩ። እጄ የሚያውቀው ወረቀት ነው፤ የማውቀው እንጨት ቢኖር የካርዱ መደርደሪያ ነው። አምና በሰኔ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ በሙሉ ከዳው፣ አፉም ተሳሰረ።

ሰው በጭንቅ ቀን ይሳላል። ጃንጥላ የሚሳል አለ፣ ምንጣፍ የሚሳል አለ፣ በግ የሚሳል አለ። እኔስ እንደ ሰው ጃንጥላ ብል ምን ነበረበት? ግን የዚያን ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ የታየኝ የማካሮኒ ካርቶን ነው። በሰፈራችን ማርያም የሴቶች በር አጠገብ ምእመናን የሚያመጡት ጧፍ የሚቀመጠው በማካሮኒ ካርቶን ነበር። ክረምት ካርቶኑን ያረጥበዋል፤ አይጥ ደግሞ ሰሙን ትወደዋለች፣ ጧፉን እየቆረጣጠመች ትጨርሰዋለች። የአናጺ ሚስት ሆኜ ያንን ካርቶን በየሳምንቱ ማየት ያሳፍረኝ ነበር። «አንድ ሳጥን ሥራላቸው» ብዬ ባለቤቴን ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። «እሺ፣ ነገ» ይለኛል። ነገ ሳይመጣ ወደቀ።

«እመቤቴ፣ ከዚህ አልጋ ይነሣልኝ እንጂ የጧፍሽን ሳጥን በገዛ እጄ ሠርቼ ለጥርሽ አገባለሁ» አልኩ። «በገዛ እጄ» የምትለዋን ማን ጨምሪ አለኝ? ማንም። አፌ ነው።

ተነሣ። በመስከረም ቤት ገባን፤ በጥቅምት በከዘራ እየተደገፈ እስከ ግቢው በር ይሄድ ጀመር። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ከትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ንግግሩም እንዲሁ። ሱሉልታ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛው በኋላ የመጣ ነው። አማርኛው እንደ መጣ ሄደ። ከኦሮምኛውም ቢሆን ጥርት ብላ የተመለሰችው አንዲት ቃል ናት፤ «ሚቲ»። አይደለም ማለት ነው። ሾርባው ሲቀርብለት ሚቲ፣ ትራሱን ሳስተካክልለት ሚቲ፣ ሬዲዮ ስከፍትለት ሚቲ። ቀኑን ሙሉ ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓለምን በሙሉ አይደለም ሲል ይውላል። ሲያዩት ተነሥቷል፣ እኔ ግን ተነሣ ለማለት አንዳንዴ አፌ ይከብደኝ ነበር። ቢሆንም ከአልጋው ተነሥቷል፤ ስለቱ ስለት ነው። ካላደረስኩ የሰጠችኝን መልሳ ትወስድብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። ይህን ፍርሃት ለማንም አልተናገርኩም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ትንፋሹን አዳምጥ ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት በኅዳር ነው፤ ግቢው ሲደርቅ። የባለቤቴን ባንኮ፣ እንጨት የሚሠራበትን ጠረጴዛ፣ በረንዳው ላይ ጎትቼ አወጣሁ፣ መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መሮውን፣ መዶሻውን ደረደርኩ። አልጋችን ሥር አምስት የዋንዛ ጣውላ ነበር፤ «ለጥሩ ሥራ» እያለ ለዓመታት ያስቀመጠው። አንድ በአንድ ሳወጣቸው ከወንበሩ ላይ ሆኖ አየኝ።

«ሚቲ» አለ።

«ሚቲም ብትል እወስደዋለሁ» አልኩት።

እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ በሜትር ለክቼ፣ በማዕዘን መለኪያው፣ በስኳድራው፣ መስመር አሰመርኩ። እስከዚህ ድረስ የካርድ ክፍል ሥራ ነው፣ መስመር ማስመር እችላለሁ። መጋዙን ሳስገባ ግን መስመሩ ወደ አንድ በኩል፣ መጋዙ ወደ ሌላ በኩል ሄዱ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሲገለብጡት ሌላ ሰው በንዴት የቆረጠው ይመስላል።

«ሚቲ» አለ ባለቤቴ።

«ምኑ?»

«ሚቲ።»

«እጄ ነው? እግሬ ነው? መጋዙ ነው?»

«ሚቲ፣ ሚቲ፣ ሚቲ» እያለ በግራ እግሩ ወለሉን መታ።

አንዱ ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፣ ያለው ቃል አንድ ነው። ሌላዋ ቃል ሞልቷታል፣ ሥራውን አታውቅም። ሁለቱን አንድ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። በሦስተኛው ቀን ደክሞኝ ክርኔን ጎኔ ላይ አስጠግቼ ስስብ ድንገት ዝም አለ። ቀና ብዬ አየሁት። ራሱን ነቀነቀ። ለካ ክርኔን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ክርን ስሰደብ ነበር የከረምኩት።

እሱን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት ደጎቹን ነው።

ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ አንድ ተከራይ አለን። ከደቡብ የመጣ ነው፣ ሕንጻ ሥራ ላይ ለኮንክሪት የሚሆን ጣውላ ሲቆርጥና ሲመታ ይውላል። ፕሮቴስታንት ነው፣ እሑድ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር እየዘመረ ነው የሚወጣው። ሰውን ለመርዳት የተፈጠረ ሰው ነው፤ ባለቤቴን ሆስፒታል ሲገባ በጀርባው ተሸክሞ መኪና ላይ ያወጣው እሱ ነው። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎልኝ ገባሁ። ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራው ልጄ ናት። «እማዬ፣ እዚህ ገበያው ላይ ያለቀለት ሳጥን ሞልቷል፣ ይዤልሽ ልምጣ» ትላለች፤ ለአሥረኛ ጊዜ ስለት መሆኑን አስረድቻት ስወጣ ተከራያችን አንዱን ጣውላ ቆርጦ ጨርሶታል። እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ አቆራረጥ። ፈገግ ብሎ ቆሞ ያየኛል።

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በተከራይ ፊት፣ ለአንድ ጣውላ። ሰውየው ደነገጠ፣ ጣቴን የቆረጠኝ መስሎት እጄን ያይ ጀመር። ነገሩን ነገርኩት።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ግን ሳጥን ማን ሠራው ብሎ ይቆጥራል?» አለኝ።

«እናንተ ዘንድ ስለት የለም?»

«የለም። ቃል ግን አለ።»

«እንግዲያው ይኼ ቃሌ ነው። በገዛ እጄ ብያለሁ።»

«ቃል ከሆነ ገባኝ» አለና ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በበረንዳው አጠገብ ባለፈ ቁጥር እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚያልፈው።

እሱ ገባው። የንስሐ አባታችን ናቸው ያልገባቸው። ባለቤቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ያስጨነቀኝን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ የሰው እጅ ከነካው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?»

«ስትሳይ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«በገዛ እጄ ብዬ።»

«እንግዲያው በገዛ እጅሽ ነዋ። ስለት ለሌላ ሰው አይሰጥም» አሉና መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቀጥለውም «ቆይ፣ ይኼ መላጊያ እኮ እንዲህ አይያዝም። ስጪኝ እስቲ፤ አጎቴ እንጨት ጠራቢ ነበር» ብለው ከእጄ ወሰዱና ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ላጉልኝ። ቄስ ምን ይባላል? መስቀላቸውን ተሳልሜ ሸኘኋቸውና ያንንም ጣውላ ማገዶው ላይ ጣልኩት። ባለቤቴ ጣውላው ሲወረወር አይቶ በግማሽ ፊቱ ሊስቅ ምንም አልቀረው። እኔ አልሳቅኩም።

በቀሩት ሦስት ጣውላዎች ቀጠልኩ። ጧፍ አምጥቼ በሜትር ለካሁ፣ ጣውላዎቹንም በጧፉ ልክ ቆረጥኩ። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ሚቲ ማለቱ ባሰበት። በዚያ ላይ የግራ እጁን ሁለት ጣት እያነሣ ያሳየኛል። ሁለት ምስማር ይሆን? መታሁለት። የሁለት ሰዓቱ መድኃኒት ይሆን? አመጣሁለት። ሚቲ። ሁለት ጣት። «እባክህ ሰውዬ ልሥራበት» ብዬ ጮህኩበት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አራቱን ጎን በኮላ አጣብቄ፣ በምስማር መትቼ፣ ታችኛውን ለብጄ ስጨርስ ኮራሁ። ትንሽ ጠመም ቢልም ሳጥን ነው። ጧፉን አምጥቼ ከተትኩ። አልገባም። ጫፉ ከጎኑ ጋር ይጋጭና ወደ ላይ ይጎብጣል። የለካሁት በውጭ ነው። የሁለቱን ጎን ጣውላ ውፍረት አላሰብኩም። ሁለት ጣውላ፣ ሁለት ጣት።

ሳጥኑን ባንኮው ላይ ትቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ፤ በራሴም፣ በእሱም፣ በዚያች «በገዛ እጄ» በምትለዋ ቃልም። የጥሯ ማርያም ሦስት ሳምንት ነው የቀራት፣ በቤት ውስጥ አንድ ዋንዛ የለም። ያ ሳጥን አሁን ሽንኩርት ይቀመጥበታል፤ ሽንኩርት ርዝመት አይመርጥም።

በነጋታው ሱሉልታ ሄድኩ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ። እርሻቸው ዳር ዋንዛ ነበራቸው፤ ሲወድቅ አስፈልጠው ጣውላውን ጣሪያ ሥር እንዳደረቁት አውቃለሁ። ታክሲው እንጦጦን ዞሮ ሲወርድ ሜዳው ላይ ሯጮቹ በቱታ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ማንም ቆሞ «ስጪኝ እስቲ፣ እኔ ልሩጥልሽ» አይላቸውም ብዬ ቀናሁባቸው።

«አካም ጅርታ፣ ናጋ ዳ?» አሉኝ ወንድሙ፣ ወንድማቸውን ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ከኋላዬ እያዩ።

«ደህና ነው ጋሼ። ጣውላ ፈልጌ ነው።»

ነገሩን ስነግራቸው ጣውላውን ሰጡኝ፤ ግን በዚያ አላበቃም። «ማሎ፣ ማሎ፣ እባክሽ። ከተማ ማሽን ቤት አለ፣ በግማሽ ቀን አስልገን፣ አስገጥመን እንልክልሻለን። ወንድሜ በሕይወት እያለ ሚስቱን አናጺ አደረጋት እንዲሉን ነው?»

«ይበሉን ጋሼ።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«እርሶ የሚያፍሩት ሰው ይስቅብናል ብለው ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ በባለቤቴ ታላቅ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ከዚያ አራት ጣውላ አሳስረው እስከ አስፋልቱ ድረስ ራሳቸው ተሸከሙልኝ። መሸከም አይቆጠርም ብዬ ወሰንኩ። የታክሲው ረዳት ጣሪያው ላይ ሲጭነውም አይቆጠርም አልኩ። ሕጉን የማወጣው እኔው፣ የምታሰርበትም እኔው ነኝ።

ሁለተኛውን ሳጥን ስሠራ የግቢውን በር ቀረቀርኩ። ሰው ቢያንኳኳ ባለቤቴ ተኝቷል እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከውስጥ «ሚቲ» ይላል፤ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ። ቢሆንም ክርኔን ጎኔ ላይ አስጠግቼ ሳብኩ፣ በውስጥ በኩል ለካሁ፣ ኮላው እስኪደርቅ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ሁለቱ እጆቼ ውኃ ቋጠሩ፣ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። ጧፉ ገባ። ቀጥ ብሎ ተኛ። ባለቤቴን አየሁት፤ ምንም አላለም። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይገኝም።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር የቀረኝ ክዳኑ ብቻ ነበር። ክዳኑን ቆርጫለሁ፣ ግን አንደኛው ጫፍ ከፍ ብሎ አልገጥም አለ፤ በመላጊያ መውረድ አለበት። ማጠፊያ ደግሞ አልነበረኝም። «ገበያ ደርሼ ማጠፊያ ገዝቼ እመጣለሁ፣ ከዚያ እልገዋለሁ» አልኩት። ለማን እንደምነግረው እንጃ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። የግቢውን በር ከውጭ ዘግቼ ወጣሁ።

የምፈልገው ዓይነት ማጠፊያ ጠፍቶ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ስመለስ በመጀመሪያ ያየሁት ተከራያችንን ነው። ከሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«እትዬ፣ እኔ አልነካሁም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነካሁም።»

ወደ በረንዳው ዞርኩ። የፕላስቲኩ ወንበር ባዶ ነው። ባለቤቴ ባንኮው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ክዳኑን በሆዱና በባንኮው ጠርዝ መካከል አጣብቆታል። ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ፣ እንደ ዕቃ፣ ጣውላው ላይ አስቀምጦታል፤ ክብደቱ ጣውላውን እንዲይዝለት። በግራ እጁ መላጊያውን ጨብጦ ይገፋል። መላጊያው ይነክሳል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። እግሩ ሥር ፍቅፋቂው ተቆልሏል፣ ከዘራው ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ስንት ሰዓት ሆነው?» አልኩ።

«ከሄዱ ጀምሮ» አለ ተከራያችን። «ጋሼ ሁለቴ ሊወድቁ ነበር። አልያዝኳቸውም። አትንኩ ብለዋል።»

«ጣውላውን ነው እንጂ ሰውዬውን መቼ አልኩህ?»

«አልለዩልኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልለየሁለትም።

ደስ አለኝ ልበል? አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ቀረብ ብዬ ክዳኑን አየሁት። ከፍ ያለው ጫፍ ወርዷል፤ አልፎም ወርዷል። ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቦርቡሯል፣ ጠርዙ ተፈልጧል። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሲገጥም የኖረ ሰው፣ እኔ እንኳ የማልሠራውን ስህተት ሠርቷል። ሳጥኑ ላይ ብናስቀምጠው በአንድ በኩል ጧፍ ብቻ ሳይሆን አይጧም ትገባለች። ለተሳልኩት ቀን ሁለት ቀን ነው የቀረው። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ያደረግኩትን አውቃለሁ፤ የሰው እጅ የነካውን እወረውራለሁ። እጄ ወደ ክዳኑ ሄደ።

ባለቤቴ መላጊያውን አስቀመጠ። የሠራውን ረጅም ጊዜ አየው። በግራ አውራ ጣቱ ቦዩን ዳሰሰው።

«ሚቲ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሰባት ወር ሙሉ ሚቲ ሲል የሰማሁት በሾርባው፣ በትራሱ፣ በእኔ ላይ ነው። በራሱ ሥራ ላይ ሲል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሰባት ወር ሥራ የሚባል ነገር ስላልነበረው ነው። ክዳኑን ወደ ማገዶው አልወረወርኩትም። አንሥቼ፣ ሰጋቱራውን በነጠላዬ ጠረግኩና ያመጣሁትን ማጠፊያ መታሁበት።

በጥሯ ማርያም ጠዋት ሳጥኑን በሴቶች በር በኩል ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ በከዘራው ተደግፎ ከኋላዬ መጥቶ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የንስሐ አባታችን ሳጥኑን ተቀበሉ፣ ገለበጡት፣ መልሰው አቆሙት። ክዳኑን ሲዘጉት ቦዩ ተከፍቶ ቀረ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ግን ስንት ጣውላ አቃጥዬ እዚህ ደርሼ መዋሸት አልቻልኩም።

«አባ፣ ክዳኑን እኔ አልሠራሁትም» አልኩ።

«ማን ሠራው?»

በአገጬ ወደ ዛፉ አሳየኋቸው። እሳቸው አዩት። የተንጠለጠለውን ቀኝ እጁን አዩ፣ የተላላጠውን ግራ እጁን አዩ። ክዳኑንም ደግመው አዩት። እኔ «ይቅር ብላሻለች» የሚሉኝን ነው የምጠብቀው፤ እንዲያ ቢሉኝ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ እገባ ነበር።

«እንግዲያው» አሉኝ «የእሱን ተቀብላዋለች። አንቺ ገና ክዳን ይቀርሻል።»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ባውቅ ኖሮ አልናገርም ነበር። እየተነጫነጭኩ ወደ ቤት መጣሁ። ከሱሉልታ ከመጣው አንድ ጣውላ ተርፏል፤ ክዳን ይወጣዋል። በማግስቱ ባንኮው ላይ ዘርግቼ መስመር ሳሰምር ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ። ማገዶው ክምር ውስጥ ገብቶ፣ ቄሱ የላጉትን ጣውላ በግራ እጁ እየጎተተ አመጣ። ከባንኮው ሌላ ጫፍ አስቀመጠው። መላጊያውን ከፊቴ አነሣ፤ እሱም ክዳኑን እንደገና ሊሠራ ነው።

ይኸው ሁለት ሳምንታችን ነው። መላጊያው አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው የምንሠራው። እኔ ስልግ ሚቲ ይለኛል፤ ክርኔን፣ አቋቋሜን፣ ምናልባትም ትንፋሼን። እሱ ሲልግ ደግሞ ቆሜ ማየት አለብኝ። መላጊያው ይነክሳል፣ ይዘላል፣ ከመስመሩ ይወጣል። ትናንት እንደዚያ ሲታገል ሳላስበው ወደ ፊት ተራመድኩ፣ «ስጠኝ እስቲ» ልል አፌ ተከፈተ፣ እጄ ተዘረጋ። ቀና ብሎ እጄን አየው።

እጄን መለስኩ። ሁለቱንም ወደ ኋላዬ አጣመርኩና ቆምኩ።